የነፍሳት ተመራማሪ ፐብሊኬሽንና ሳይቴሽን እንዴት ይነበባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተመራማሪዎች፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና የቅጥር ኮሚቴ አባላት ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ተመራማሪ «ፐብሊኬሽን» ሲባል ምን ምን ይቆጠራል?

በሙያ አቻዎች ተገምግመው ጆርናል ላይ የወጡ ጽሑፎች ዋናዎቹ ናቸው። መጽሐፍ፣ የመጽሐፍ ምዕራፍና የጉባኤ ጽሑፍም ይጨመራሉ። ገና ግምገማ ያላለፈ ረቂቅ ኢንተርኔት ላይ ሊለቀቅ ይችላል፤ ሲመዘገብ ግን «ያልተገመገመ» ተብሎ ለብቻው ይቀመጥ።

በነፍሳት ጥናት ደግሞ ሞኖግራፍ የሚባል ሥራ አለ። የአንድ ወገን ዝርያዎችን በሙሉ ሰብስቦ፣ እያንዳንዱን በሥዕልና በልኬት ገልጦ የሚያቀርብ ወፍራም ሥራ ነው። የሃርቫርዱ ኤድዋርድ ዊልሰን በ2003 ያሳተሙት እንዲህ ያለ ነው፤ ፌይዶሌ የሚባሉትን የአሜሪካ አህጉራት ጉንዳኖች 624 ዝርያ ገልጸውበታል፤ ከነዚህ 337ቱ ከዚያ በፊት ለሳይንስ የማይታወቁ ነበሩ። በሕትመት ዝርዝር ላይ ግን ይህ ሁሉ አንድ መስመር ነው። የጽሑፎችን ብዛት ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን መስመር ከአራት ገጽ ማስታወሻ እኩል አድርጎ ያልፈዋል።

ሳይቴሽን ማለት ምን ማለት ነው? የሚቆጥረውስ ማን ነው?

ሌላ ተመራማሪ በጽሑፉ ዋቢ ዝርዝር ውስጥ የእርስዎን ሥራ ሲያስገባ አንድ ሳይቴሽን ተቆጠረ ማለት ነው። አመስግኖም ይሁን ተቃውሞ፣ ቁጥሩ ያው አንድ ነው።

በፊት «ማን ማንን ጠቀሰ» ብሎ መከታተል አይቻልም ነበር ማለት ይቻላል። ዩጂን ጋርፊልድ የሚባሉ አሜሪካዊ በ1955 ሐሳቡን አቀረቡ፤ በ1964 የመጀመሪያውን የሳይንስ ሳይቴሽን ኢንዴክስ አወጡ። ያ ሥራ ዛሬ ዌብ ኦፍ ሳይንስ የምንለው ዳታቤዝ ሆኗል። ሳይቴሽን የሚቆጥሩት ሌሎቹ ሁለቱ፣ ስኮፐስና ጉግል ስኮላር፣ የመጡት ብዙ ቆይተው በ2004 ነው።

ኤች ኢንዴክስ እንዴት ይሰላል?

ኤች ኢንዴክስ የሥራን ብዛትና ሳይቴሽንን በአንድ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ነው፦ ኤች ኢንዴክሱ 6 የሆነ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 6 ጊዜ የተጠቀሱ 6 ሥራዎች አሉት። ዘዴው የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ሂርሽ ነው፤ በ2005 አቀረቡት። ሥራዎችዎን ከብዙ ጊዜ ከተጠቀሰው ወደ ትንሽ ጊዜ ከተጠቀሰው ይደርድሩ። ለምሳሌ ዘጠኝ ጽሑፍ ያለው ሰው እንውሰድ፦ 120፣ 44፣ 19፣ 11፣ 7፣ 6፣ 3፣ 1፣ 0። ስድስተኛው ጽሑፍ ስድስት ጊዜ ተጠቅሷል፤ ሰባተኛው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ። ስለዚህ ኤች ኢንዴክሱ 6 ነው። ጠቅላላ ሳይቴሽኑ 211 ሲሆን፣ ጉግል ስኮላር የሚያሳየው አይ10 ደግሞ 4 ይሆናል፤ ዐሥር ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱት አራት ስለሆኑ።

አሁን ያ 120 ጊዜ የተጠቀሰው ጽሑፍ ነገ 5,000 ቢደርስ ኤች ኢንዴክሱ ምን ይሆናል? ያው 6። አንድ ታላቅ ሥራ የሠራን ሰው ይህ ቁጥር አያየውም። ደግሞም በጭራሽ አይቀንስም፤ ተመራማሪው ጡረታ ወጥቶም እየጨመረ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ የ30 ዓመት ልምድ ያለውን ሰው ትናንት ዶክትሬቱን ከጨረሰች ወጣት ጋር በኤች ኢንዴክስ ማወዳደር ዕድሜያቸውን እንደማወዳደር ነው።

በጉግል ስኮላርና በስኮፐስ ቁጥሬ ለምን ይለያያል?

ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ ጆርናሎችን መርጠው ያስገባሉ፤ ያልተመረጠ ጆርናል ውስጥ የተጠቀሰ ሥራ አይቆጠርም። ጉግል ስኮላር ኢንተርኔቱን ያስሳል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የፕሮጀክት ሪፖርት፣ ያልተገመገመ ረቂቅ ሳይቀር ይለቅማል። ስለዚህ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ አንዳንዴም አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

ይህ ልዩነት ለእኛ አገር ተመራማሪ ትልቅ ነው። ሲኔት የሚባለው የኢትዮጵያ ሳይንስ ጆርናል ከ1978 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይወጣል፤ የዕፅዋት ጥበቃ ማኅበሩም የራሱ የተባይ መከላከል ጆርናል አለው። በአገር ውስጥ ጆርናሎች የሚወጣ ሥራ፣ በአገራችን የእርሻ ማሳዎች ላይ ያለውን ተባይ በተመለከተ ሌላ ቦታ የማይገኝ መረጃ ሊይዝ ይችላል። ሆኖም ሁሉም ጆርናሎቻችን መርጠው በሚያስገቡት ዳታቤዞች ውስጥ አይገኙም። ቁጥር ሲጽፉ ከየት እንደተወሰደና በየትኛው ቀን እንደታየ አብረው ይጻፉ፤ ካልሆነ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ስንት ሳይቴሽን ነው «ጥሩ» የሚባለው?

በአንድ ቁና የሚሰፈር ነገር አይደለም። ሁለት ነፍሳት ላስተያይ። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2016 አፍሪካ ውስጥ መታየቱን ያሳወቀው ጽሑፍ ወዲያው በብዙ አገር ተመራማሪዎች ተጠቀሰ፤ ተባዩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሰሃራ በታች ያሉትን አገሮች ከሞላ ጎደል አዳርሶ፣ በ2017 ኢትዮጵያም ገብቶ በቆሎ ስለጨረሰ፣ በየአገሩ አጥኚ ተነሣበት። አሁን ደገዛን ይመልከቱ። የወሎ ገበሬ ደገዛን ከጤፉ ላይ ሲለቅም የኖረ ነው፤ ሳይንስ ግን ይህን ፌንጣ መሰል ተባይ ስም ያወጣለት ገና በ1977 ነው፣ በእንግሊዛዊው ራግ እጅ። ደገዛ የሚገኘው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚያጠኑት ጥቂት ናቸው፣ የሚጠቃቀሱትም እነዚያው ጥቂቶች ናቸው። ስለ ደገዛ የተሠራ የላቀ ጥናት ሃያ ጊዜ ቢጠቀስ፣ ማሳውን የሚያውቅ ሁሉ አንብቦታል ማለት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሲያወዳድሩ ተመሳሳይ ነፍሳት ላይ የሚሠሩ፣ በሙያው ተመሳሳይ ዓመት የቆዩ ሰዎችን ያወዳድሩ። ከሕክምና ተመራማሪ ጋር ማወዳደርማ ጭራሽ አይሆንም፤ እዚያ የሚጽፈውም ሰው፣ በየጽሑፉ የሚጠቀሰውም ሥራ እጅግ ብዙ ነው።

ኢምፓክት ፋክተሩ ከፍ ያለ ጆርናል ላይ ካወጣሁ ሥራዬ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ኢምፓክት ፋክተር የጆርናል አማካይ ነው፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጡት ጽሑፎች በዚህ ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይነግርዎታል። አማካዩን የሚያነሱት ጥቂት ጽሑፎች ናቸው፤ የእርስዎ ከእነሱ መካከል ላይሆን ይችላል። ሁለት ዓመቱም ለነፍሳት ጥናት ያጥራል፤ የክረምቱን ናሙና ሰብስቦ፣ ለይቶ፣ ጽፎ ለማውጣት ብቻ ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል።

ራሴን መጥቀስ ነውር ነው?

አንድ ደን ውስጥ ለ15 ዓመት ቢራቢሮ የቆጠረ ሰው የዘንድሮውን ሲጽፍ የዱሮውን የማይጠቅሰው እንዴት ብሎ ነው? ነውር የሚሆነው ከርዕሱ ጋር የማይገናኝ የራስ ሥራ ሲታጨቅ፣ ወይም ገምጋሚ የሆነ ሰው «የእኔን ካልጠቀስክ አላሳልፍም» ሲል ነው። ዳታቤዞቹ ራስን መጥቀስን ቀንሰው የሚያሳዩበት መንገድ አላቸውና ሁለቱንም ቁጥር ማየት ይቻላል።

ለማሳተም ገንዘብ የሚጠይቅ ጆርናል ሁሉ አጭበርባሪ ነው?

አይደለም። ፕሎስ ዋን የሚባለው ጆርናል ያስከፍላል፤ ከታች የማነሳው በነፍሳት ጉዳይ ዓለምን ያነጋገረው የጀርመን ጥናት የወጣው እዚያ ነው። ጽሑፉ ለአንባቢ በነጻ ስለሚቀርብ ወጪው ወደ ጸሐፊው ዞሮ ነው። ብዙ የታወቁ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ጸሐፊዎች ክፍያውን ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

አጭበርባሪው ምልክት አለው። «በአምስት ቀን ገምግመን እናወጣለን» ይላል፤ የላኩለት ስለ ምስጥ ሆኖ የሚጋብዝዎት ስለ ጥርስ ሕክምና ጉባኤ ነው፤ አርታኢ ተብለው የተዘረዘሩትን ቢጠይቋቸው አያውቁትም። የማዕረግ ዕድገት ጊዜ ሲደርስ ልብ ይከፈላልና እባክዎ ይጠንቀቁ። ገንዘቡ ቢጠፋ ይጠፋ፤ የሚያሳዝነው ዳታው ነው። ድረ ገጹ አንድ ቀን ሲዘጋ የሦስት ክረምት የመስክ ሥራ አብሮ ይጠፋል፤ አንዴ የታተመ ነውና ደኅና ጆርናልም መልሶ አይቀበለውም።

አዳዲስ ዝርያ የሚያገኙ ሰዎች ሳይቴሽናቸው ለምን ዝቅ ይላል?

ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚያንገበግበው ጥያቄ ነው። በ2019 እና በ2020 አገራችንን የወረረውን የበረሃ አንበጣ ሳይንሳዊ ስም ተመልከቱ፤ ከስሙ ቀጥሎ «ፎርስኮል፣ 1775» የሚል ይከተላል። ፔተር ፎርስኮል በዴንማርክ ንጉሥ ወጪ ወደ ዓረብ ምድር የተጓዘ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ፤ ማስታወሻዎቹን ከሞት የተረፈው የጉዞ ጓደኛው ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ከዚያ ወዲህ ስለ በረሃ አንበጣ የሚጽፍ ሰው ያንን ስምና ዓመት ይጽፋል። ግን የሚጽፈው ከዝርያው ስም ጋር ነው፤ ዋቢ ዝርዝሩ ውስጥ አያስገባውም። ማሽኑ የሚቆጥረው ደግሞ ዋቢ ዝርዝሩን ብቻ ነው።

ዛሬም እንደዚያው ነው። አንድ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ከአንድ ጫካ 80 ዓይነት ጥንዚዛ ሰብስቦ፣ ዝርያቸውን ለማወቅ የሌሎችን መለያ ቁልፍ፣ ማለትም ዝርያን በምልክቶቹ ደረጃ በደረጃ የሚያስለይ ጽሑፍ፣ ገጽ በገጽ ተከትሎ፣ በመጨረሻ ጽሑፉን ሲያወጣ የሚጠቅሰው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩን ነው። ቁልፉን የሠራው ሰው አንዳንዴ በምስጋና ክፍል ይታወሳል፤ ብዙ ጊዜ እሱም የለም። ጽሑፍ እያዘጋጁ ከሆነ፣ ዝርያ የለዩበትን ሥራ ዋቢ ዝርዝርዎ ውስጥ ያስገቡ። አንድ መስመር ነው፤ ለአንድ ሰው ግን ሥራው መቀጠሉንና አለመቀጠሉን ሊወስን ይችላል።

ዳታቤዙ ውስጥ ስሜ ተገላብጦ፣ ሥራዬም ተበታትኖ አገኘሁት። ምን ላድርግ?

የእኛ ስም ከነአባት ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም። የውጭ ዳታቤዝ ግን መጨረሻ ላይ ያገኘውን የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። አበበ ከበደ የሚባል ተመራማሪ ብናስብ ዓለም የሚያውቀው «ከበደ፣ አ.» ብሎ ነው፤ ልጅ ደከመ፣ አባት ተጠቀሰ። የአገር ውስጥ ጆርናሎች ደግሞ ኢትዮጵያዊን በራሱ ስም ሲጠቅሱ ኖረዋል። ታዋቂው የዕፅዋት ተመራማሪ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው እንኳ አንድ ቦታ «ሰብስቤ ደምሰው»፣ ሌላ ቦታ «ደምሰው፣ ሰ.» ተብለው ይገኛሉ። ማሽኑ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል።

የላቲን ፊደሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «ተስፋዬ» መጨረሻው አንዴ «ዋይ» ገብቶበት፣ አንዴ ሳይገባበት ይጻፋል። «ገብረ መድኅን» ተቀጥሎም፣ ተነጥሎም፣ በሰረዝም ይመጣል፤ ሲነጠል «መድኅን» ብቻ ቀርቶ «ገብረ» መካከለኛ ስም ይሆናል። ውጭ አገር ሄደው የባላቸውን ስም የያዙ፣ ወይም እስራኤል ገብተው የዕብራይስጥ ስም የወጣላቸው ተመራማሪዎች ሥራቸው ከሁለት የሚከፈለው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ የንብ ተመራማሪ የሆነ ሰው ገጹን እንዳስተካክልለት አብረን ተቀመጥን። ከሥራዎቹ መካከል ስለ ሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና የሚያወሩ ሦስት ጽሑፎች ወጡ፤ ሞክሼው ሐኪም ኖሯል። የራሱ አራት ጽሑፎች ደግሞ በሌላ አጻጻፍ ባለቤት አጥተው ተቀምጠዋል። አንደኛው የማስተርስ ሥራው ነበር። ስክሪኑ ላይ ሲያየው ዝም አለና «ይሄ እኮ ጠፍቷል ብዬ ነበር» አለኝ።

መፍትሔው ኦርኪድ ነው። በ2012 የተጀመረ፣ በነጻ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር ነው፤ ስም ቢቀያየርም ቁጥሩ አይቀየርም። ከዚያ ለስምዎ አንድ የላቲን አጻጻፍ ይምረጡና ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አይልቀቁት። ጉግል ስኮላር ላይ «ሥራዎችን በራስህ ጨምር» የሚለውን አጥፍተው እርስዎ እያዩ ያጽድቁ፤ ያልሠሩትን ሥራ ገጽዎ ላይ ማቆየት፣ ሳያውቁት ቢሆንም፣ ኋላ ያስጠይቃል።

ብዙ የተጠቀሰ ጥናት ትክክለኛ ጥናት ነው?

የግድ አይደለም፤ የነፍሳት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለው። ቴሪ ኧርዊን በ1982 ጥንዚዛ ሰብሳቢዎች በሚያነቡት ትንሽ ጆርናል ላይ ሁለት ገጽ ብቻ የሆነች ጽሑፍ አወጡ። ፓናማ ውስጥ የአንድ ዝርያ 19 ዛፎችን በፀረ ተባይ ጭስ አጥነው፣ ከቅርንጫፎቹ ወደ 1,200 የሚሆኑ የጥንዚዛ ዝርያዎች አረገፉ። ከዚያ ተነሥተው ሲያባዙ በሐሩር ክልል 30 ሚሊዮን የነፍሳትና የመሰሎቻቸው ዝርያ ሊኖር ይችላል አሉ። ከዚያ በኋላ የመጡ ግምቶች ከዚህ በጣም ያንሳሉ፤ አምስትና ስድስት ሚሊዮን አካባቢ የሚሉ አሉ። ሆኖም ያቺ ሁለት ገጽ ዛሬም ትጠቀሳለች፤ ሰው ወደ ዛፎች አናት ቀና ብሎ እንዲያይ አድርጋለችና። ግምቱ ቢሳሳትም ጥያቄው ትክክል ነበር።

በ2019 የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ከዓለም ነፍሳት ዝርያ 40 በመቶው በጥቂት አሥርት ዓመታት ሊጠፋ ይችላል ብሎ በየጋዜጣው ወጣ። ተቺዎች ዘዴውን ሲመረምሩ፣ ጸሐፊዎቹ ጥናቶችን ሲፈልጉ «መቀነስ» የሚለውን ቃል የፍለጋ ቃል አድርገው እንደነበር አሳዩ። መቀነስን የፈለገ መቀነስን ያገኛል። ከሳይቴሽኖቹ መካከል ስንቱ ይህን ለመንቀፍ እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። በ2020 ሳይንስ ጆርናል ላይ የወጣው ከ166 የረጅም ጊዜ ጥናቶች የተሰበሰበ ትንተና ሥዕሉ የተለያየ መሆኑን አሳየ፦ የየብስ ነፍሳት በአሥር ዓመት ወደ 9 በመቶ ሲቀንሱ የጨው አልባ ውኃ ነፍሳት ግን ወደ 11 በመቶ ጨምረዋል።

ዐሥራ ሁለት ሰው የጻፈው ሥራ የማን ነው?

በሥነ ምህዳር ብዙውን ጊዜ ስሙ የቀደመው ዋናውን ሥራ የሠራው ነው፤ የመጨረሻው የቡድን መሪ ሊሆን ይችላል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሳይቴሽኑ ለሁሉም ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል። ብዙ ጆርናሎች ማን ምን እንደሠራ የሚገልጽ አንቀጽ ስላላቸው እሱን ያንብቡ።

በ2017 ፕሎስ ዋን ላይ የወጣው የጀርመኑ ጥናት ጸሐፊዎቹ 12 ናቸው። በ63 ጥብቅ ቦታዎች በ27 ዓመት ውስጥ የሚበርሩ ነፍሳት ክብደት በ76 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ያንን ሁሉ ዘመን ድንኳን መሰል ወጥመዶቹን እየተከሉ፣ ጠርሙሶቹን በአልኮል እየሞሉ፣ የተያዘውን እየመዘኑ ያቆዩት የክሬፌልድ የነፍሳት ማኅበር አባላት ናቸው፤ አብዛኞቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ። እነሱ በ1989 ሥራውን ሲጀምሩ ማንም አልጠቀሳቸውም፤ መጥቀሻ የሚሆን ጽሑፍም አልነበረም።

ሥራው ገበሬውን ወይም ታማሚውን ጠቅሞ ሳይቴሽኑ ቢያንስስ?

ሳይቴሽን የሚቆጥረው የሚጽፈውን ሰው ነው፤ የሚያርሰው አይጽፍም። በ1970 በቶማስ ኦዲያምቦ የተመሠረተው የናይሮቢው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ያስፋፋውን ዘዴ ይውሰዱ። በበቆሎው መካከል ዴስሞዲየም ይዘራል፤ ሽታው የአገዳ ቆርቁርን የእሳት ራት ያባርራል፣ ሥሩ ደግሞ አቀንጭራን ያመክናል። በዳር የተተከለው የዝሆን ሣር ራቷን ወደራሱ ይስባታል፤ እዚያ የምትፈለፍላቸው እጮች አብዛኞቹ አያድጉም። ጽሑፎቹ ተጠቅሰዋል፤ የበቆሎ ማሳዋን ከአቀንጭራ ያተረፈች ሴት ግን በየትኛውም ዳታቤዝ የለችም።

ሌላው በሶማሌ ክልል የምትገኘው የቀብሪ ደሀር ግኝት ነው። በ2016 እዚያ የተያዙት ትንኞች አኖፊለስ ስቴፈንሲ ሆነው ተገኙ፤ ከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ፣ ከእስያ የመጣች የወባ አስተላላፊ ናት። ጽሑፉ በ2018 ወጣ፤ በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ትንኟ መስፋፋት ማስጠንቀቂያ አወጣ። እንዲህ ላለ ሥራ በማስረጃነት የመንግሥት መመሪያን፣ የድርጅት ማስጠንቀቂያን፣ የኤክስቴንሽን ማኑዋልን ማቅረብ ይገባል። ሲቪዎ ላይ ከሳይቴሽኑ አጠገብ ይጻፉት።

የቅጥር ኮሚቴ አባል ነኝ፤ ሁለት አመልካች አሉ፣ አንዱ ኤች ኢንዴክሱ 14 አንዱ 7። ማንን ልምረጥ?

በዚህ መረጃ ብቻ መምረጥ አይቻልም። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተነደፈው ዶራ የሚባለው መግለጫ ሰውን በጆርናል ኢምፓክት ፋክተር መመዘን ይቅር ብሏል፤ የ2015ቱ የላይደን ማኒፌስቶም ቁጥር የባለሙያን ፍርድ ይደግፍ እንጂ አይተካው ይላል። በተግባር ሲሆን ሁለቱንም አመልካቾች «ምርጥ የምትሉትን ሦስት ሥራ ስጡን» ይበሉና ያንብቡት፤ ከኮሚቴው ቢያንስ ሁለት ሰው። ሰውየው ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደሠራ፣ ስንቱን ቀዳሚ ጸሐፊ ሆኖ እንደጻፈ፣ በወሊድ ወይም በጦርነት ምክንያት የተቋረጠ ዓመት እንዳለ ይመልከቱ። የስሙን አጻጻፎች በሙሉ ይፈልጉ፤ ያ 7 ምናልባት ግማሹ ሌላ ስም ላይ የቀረ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በቃለ መጠይቁ ላይ ይጨምሩ፦ «የሰበሰብካቸው ናሙናዎች የት ናቸው?» ዝርያውን ልክ ለይቶ እንደሆነ ኋላ የሚመጣ ሰው ማረጋገጥ የሚችለው ናሙናው ካለ ብቻ ነው። መርፌ የተወጋላት አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ፣ ከሥሯ የጥፍር ስፋት ያላት ወረቀት፣ ወረቀቷ ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም። «ሳጥን ውስጥ ቤቴ ነበሩ፣ ምስጥ በላቸው» የሚል መልስና «አራት ኪሎ የእንስሳት ሙዚየም ገብተዋል፣ የመዝገብ ቁጥራቸው ይኸው» የሚል መልስ እኩል አይደሉም።